በሚኒባስ ውስጥ የልብ ድካም ያጠናሁ ዕለት

ባለፈው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ጠዋት... ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። ጆሮዬ ላይ ኢርፎን ሰክቻለሁ። ዘፈን እየሰማሁ አይደለም፣ የደወለልኝ ሰውም የለም። ለብቻዬ ነው የማወራው።

አትሳቁ፣ ላስረዳ። ሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። መጀመሪያ ላይ እንደ ሰው ሁሉ አንገቴን ደፍቼ፣ መጽሐፉን በቀለም እያሰመርኩ ነበር የማጠናው። መጽሐፌ በጣም ያምር ነበር። ውጤቴ ግን...

የዶርም ጓደኛዬ ሰላም ሁሉንም ነገር በሥዕል ነው የምትይዘው። ግድግዳዋ ላይ የለጠፈችውን አየት አድርጋ ትገባና ፈተናውን ትደፍነዋለች። እኔም ሞከርኩ። የሳልኩት ልብ ድንች መሰለ።

በኋላ ነው የነቃሁት። እኔ ነገር የሚገባኝ ሳወራው ነው። ለሰው እንደማስረዳ አድርጌ ካላወራሁት ጭንቅላቴ ውስጥ አይቀመጥም። ላይብረሪ ማውራት ክልክል ነው፣ ዶርም ውስጥ ደግሞ ሰላም ትራስ ትወረውርብኛለች። ስለዚህ ኢርፎን ሰክቼ፣ ስልክ የማወራ መስዬ፣ መንገድ ላይም ባጃጅ ውስጥም አጠናለሁ። ከዚያ ወዲህ ውጤቴ ተነሥቷል፣ በዚህ አልከራከርም።

የዚያን ቀን ወላጆቼ ጋ እየሄድኩ ነበር። ሰኞ ፈተና አለኝ... የልብ ድካም።

«ሰውየው እግሩ አብጧል» እላለሁ። «ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። ትራስ ደራርቦ፣ ቀና ብሎ ነው የሚያድረው። ልቡ ደክሟል ማለት ነው። ዝም ከተባለ ይሞታል።»

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጉልበቴን ነካ አድርገው የሆነ ነገር ጠየቁኝ። ሐሳቤ ጥናቱ ላይ ስለነበር በደንብ አልሰማኋቸውም። አንኮበር ነው ወይ የምትወርጂው ያሉኝ መስሎኝ «አዎ» አልኩና ቀጠልኩ።

ትንሽ ቆይቶ የመኪናው ሙዚቃ ጠፋ። ሾፌሩ በመስታወት አየኝና «አይዞሽ እህቴ፣ ቶሎ እናደርስሻለን» አለኝ። ከኋላ አንድ አባት «እግዚአብሔር ይማራቸው» አሉ። አንዷ ሶፍት አቀበለችኝ።

«ማንን ነው የሚምረው?» አልኩ ግራ ገብቶኝ።

«አባትሽን ነዋ!» አሉ ሴትዮዋ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አባትሽ ናቸው ወይ ብዬ ስጠይቅሽ አዎ አልሽኝ እኮ!»

«ኧረ አባቴ ደህና ነው! እያጠናሁ ነው!»

ሚኒባሱ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩ «ወይ ጉድ! ያን ሁሉ ኩርባ የበረርኩት ለጥናት ነው?» አለ። እኔም አፍሬ ሳቅኩ።

ሴትዮዋ ግን አልሳቁም።

«እና ልጄ... ስለማን ነው ያወራሽው?»

«ስለማንም አይደለም እናቴ፣ መጽሐፍ ላይ ያለ ነው።»

«አይ... የኔ ባለቤት ነው» አሉ።

እትዬ አስካለ ይባላሉ። ባለቤታቸው ጋሽ ደምሴ ከክረምቱ ጀምሮ እግራቸው ያብጣል። ጋደም ሲሉ ስለሚያፍናቸው ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚያድሩት። ብርድ ነው፣ ይለቃቸዋል እየተባለ ነው የተቆየው።

«ለምንድነው ሲተኛ የሚያፍነው? ሲቀመጥስ ለምን ይሻለዋል?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ... የእንግሊዝኛው ስም ብቻ መጣልኝ። «ለምን» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ ለብቻ ሲያወሩ ጠያቂ የለማ። ትንሽ አሰብኩና ጀመርኩ።

«ልብ ደም የምትገፋ ናት። ስትደክም ውኃ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ስንቀመጥ ወደ እግር ይወርዳል። ስንተኛ ደግሞ ወደ ላይ ይመለስና ሳንባ ላይ ይጫናል።» እየነገርኳቸው ለኔም ጥርት አለልኝ። «እኔ ገና ሐኪም አይደለሁም፣ ልሳሳት እችላለሁ። ግን ብርድ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ይታዩ።»

እጄን ያዙኝ። «እንግዲያው መጥተሽ ራስሽ ንገሪው። እኔን አይሰማኝም።»

አንኮበር እንደወረድን ቤታቸው ሄድን። ጋሽ ደምሴ ጋቢ ተከናንበው፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አስፈቅጄ እግራቸውን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት። ጣቴን ሳነሣ የተጫንኩበት ቦታ እንደጎደጎደ ቀረ። መጽሐፍ ላይ ስንት ጊዜ አስምሬበታለሁ... ሰው ላይ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ዛሬውኑ ሆስፒታል ይታዩ ስላቸው «ደብረ ብርሃን ድረስ ምን ያስኬደኛል? ሲሞቅ ይሻለኛል» አሉ።

እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው። ልብን፣ ውኃውን፣ ሳንባውን። እንደ ቅድሙ አልተንተባተብኩም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ሌሊት እንደምሰጥም የሚሰማኝ ለዚህ ነው?» አሉ።

«ለዚህ ይመስለኛል ጋሼ።»

 «በይ ጫማዬን አምጪ» አሉ ወደ ሚስታቸው ዞረው።

ሾፌሩ ገና ተሳፋሪ እየጠበቀ ነበር። የፊት ወንበሩን ለቀቀላቸው። «የቅድሙን በከንቱ በርሬያለሁ» አለ እየሳቀ፣ «ይሄኛው ይቆጠርልኝ።»

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አስተኟቸው። የልብ ድካም ነበር። ሐኪሙ ዘንድሮን እንዲህ እያሉ አይዘልቁትም ነበር ብሎ ለእትዬ አስካለ ነገራቸው። መድኃኒት ጀምረው፣ እብጠቱ ጎድሎላቸው ቤታቸው ገቡ።

ፈተናው ላይ ደግሞ... «ሕመምተኛው ሲተኛ ለምን ትንፋሽ ያጥረዋል?» የሚል ጥያቄ መጣ። ብዕሬን ሳላነሣ ጻፍኩት። ሰላም እንኳን በውጤቴ ቀናች።

ባለፈው እሑድ እትዬ አስካለ ደወሉልኝ። «ትናንት ጋደም ብሎ፣ እያንኮራፋ አደረ» አሉኝ። ደስታዬን መግለጽ አልችልም። ልንሰነባበት ስንል «አሁንስ ምን እያጠናሽ ነው?» አሉ።

«ስለ ኩላሊት።»

«በይ እስቲ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። መሃል ላይ «ቆይ፣ ቆይ... እሱ አልገባኝም፣ ድገሚው» አሉኝ።

ብዙ አስተማሪ ፈትኖኛል... እንደ እትዬ አስካለ የሚያፋጥጥ ግን እስካሁን አልገጠመኝም!