ቁራኛው አበልጅ

ዛሬ ባንክ አንድን ሰው ከስሶ ሲረታ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። ወረቀት ይመጣል፣ በር ላይ ይለጠፋል፣ ቤቱ ለሐራጅ ይወጣል፣ ጎረቤት መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ያያል። ቤተ መንግሥቱ ገና እንጦጦ ላይ በነበረበት ዘመን ግን ባንክም የለ፣ የሚለጠፍ ወረቀትም የለ። ዳኛው ከፈረደ በኋላ የሚመጣው ብረት ነው። በባለዕዳው ቀኝ እጅ ላይ አንድ ቀለበት፣ አበዳሪው በሰጠው ሰው ግራ እጅ ላይ አንድ ቀለበት፣ በመካከላቸው ክንድ የማይሞላ ሰንሰለት። ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ ሁለቱ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ሜዳም አብረው ይወጣሉ። ቁራኛ ማለት ይህ ነው። እኛ ታሞ የተኛን ሰው «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» ስንል ሰውዬውን ከአልጋው ጋር በሰንሰለት እያሰርነው መሆኑን ማን ልብ ይላል?

ነገሳ እዚህ ብረት ውስጥ የገባው በሺህ ስምንት መቶ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ሲጋመስ ነው። ቤቱ ከቀበና ወንዝ ማዶ፣ ከየካ ተራራ ግርጌ ነበር፤ ሥራው ግንድ መጎተት። እንጦጦ ላይ ሹሙም ወታደሩም ቤት ይሠራ ስለነበር ጥድ ቆርጦ፣ በበሬ ጎትቶ ዳገቱን ለሚያወጣ ሰው እንጀራው አይጠፋም። ችግሩ ነገሳ በሬ አልነበረውም። ዓምደ ሚካኤል ከሚባል የእንጦጦ ነጋዴ ዐሥር ብር ተበደረና ሁለት በሬ ገዛ። ሁለት ወር ሳይሞላ አንደኛው በሬ በዳገቱ ጭቃ ተንሸራቶ እግሩ ተሰበረ፤ ታርዶ ሥጋው ለመንደሩ ተከፋፈለ። የቀረው ብቻውን ምን ሊጎትት? እሱንም ዓምደ ሚካኤል በወለድ ስም ነዳው። ሥጋውን የበላው ሁሉ «እግዜር ይተካልህ» እያለ ወደየቤቱ ሄደ፤ ዕዳው ግን የትም አልሄደም።

ዳኛው ፈርዶ ሲያበቃ ዋስህን ጥራ አለው። ነገሳ ጎረቤቱንና ባልንጀራውን ሂርጳን ጠራ። ሂርጳ ብሩ በተበደረበት ቀን በሦስት ሰው ፊት «እኔ አለሁ!» ብሎ ደረቱን የደቃ ሰው ነው። በፍርዱ ቀን ግን ሂርጳ የለም። አንዱ ታሟል አለ፣ አንዱ ለቅሶ ሄዷል አለ። ኋላ እንደተሰማው ሰውዬው የገዛ ጎተራው ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ነበር የዋለው። እንግዲህ ዋስ ሲጠፋ ምን ይደረጋል? የነገሳ ኩታ ጫፍ ከዓምደ ሚካኤል ሎሌ ኩታ ጫፍ ጋር ተቋጠረና ሁለቱ ተጎታተው ወደ ቀጥቃጩ ቤት ሄዱ።

ሎሌው ሠረቀብርሃን ይባላል። ከቡልጋ ድጓ ሊማር መጥቶ፣ ረሃብ ትምህርቱን አስጥሎት፣ ነጋዴ ቤት የገባ ቀጭን ወጣት ነው። ሦስት ዓመት አገልግሏል። የተጠራቀመ ደመወዙን ባንድ ላይ ተቀብሎ፣ ለእናቱ ቀሚስ ገዝቶ፣ አገሩ ሊገባ ነበር ሐሳቡ። ዓምደ ሚካኤል ሁለት ትእዛዝ ሰጠው። አንደኛው፣ ነገሳ ካመለጠ ዕዳው ያንተ ነው። ሁለተኛው፣ ቀበናን እንዳትሻገሩ፤ ማዶ ዘመዶቹ አሉ፣ ሰንሰለቱን በምሳር ይቆርጡታል።

ነገሳን ያቃጠለው ግን ብረቱ አልነበረም። ሚስቱ ሎሚ ወሯ ገብቷል። ከዚህ በፊት ሁለት ወልዳ ሁለቱም ክርስትና ሳይነሡ ሞተዋል። ነገሳ ሁለቱንም አላያቸውም፤ በሁለቱም ጊዜ ግንድ ይዞ ተራራ ላይ ነበር። ሲመለስ ጓሮ የተቆፈረ አፈር ነው ያሳዩት። ሦስተኛውን በገዛ እጁ አቅፎ ክርስትና ሊያስነሣ ለራሱ ምሏል፤ አሁን እጁ የራሱ አይደለም።

ዓምደ ሚካኤል ሥራ ፈት አይቀልብም። ዕዳው በፍልጥ እንዲከፈል ተባለና ምሳር ተሰጣቸው። ነገሳ ምሳሩን ባነሣ ቁጥር የሠረቀብርሃን ግራ እጅ አብሮ ይነሣል፤ ምሳሩ ሲወርድ ሠረቀብርሃን አብሮ ይወርዳል። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ በአፍንጫው ጭቃ ላይ ተደፋ። መንገደኛው ቆሞ ይስቅባቸው ጀመር፤ አንዱ ይሰግዳል አንዱ ይፈልጣል እያለ። በኋላ ግን ዘዴ አገኙ። ሠረቀብርሃን ያችኑ የተማራትን ዜማ ያንጎራጉራል፣ ድምፁ ከፍ ሲል ምሳሩ ይነሣል፣ ዝቅ ሲል ይወርዳል። ነገሳ አንድ ቅሬታ ብቻ ነበረው፤ ዜማው ረጅም ነው፣ ምሳር አየር ላይ ተሰቅሎ ይዘገያል ይል ነበር።

የሚፈልጡበት ቦታ የእንጦጦ ገደል አፋፍ ሆኖ ፊቱ ወደ ቀበና ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ደመናው ሳይወርድ፣ ነገሳ ምሳሩን አስደግፎ ወደ ማዶ እያየ ይቆማል።

«ምን ታያለህ?» አለው ሠረቀብርሃን አንድ ቀን።

«ቤቴን።»

«እኔ ጭስ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

«እሱ ነው።»

ከዚያ ጭስ ነገሳ የማያነበው ነገር አልነበረም። ቀጭን ከሆነ ሎሚ ብቻዋን ናት፣ ለራሷ ብላ እሳት አታነድም። ዘግይቶ ከወጣ ወገቧን አሟታል። ጠቆር ካለ እንጨቱ ርጥብ ነው፣ ደረቅ የሚፈልጥላት የለም፤ ይኸው ባሏ እዚህ ለሰው ይፈልጣል። ሠረቀብርሃን መጀመሪያ ሳቀበት። ከሳምንት በኋላ ግን ጠዋት ሲነቃ «ዛሬስ እንዴት አደረች?» ብሎ ቀድሞ የሚጠይቀው እሱ ሆነ።

ሐምሌ ዐሥራ ሁለት ቀን ከቤቱ ሁለት ጭስ ወጣ፤ አንዱ ከቤት፣ አንዱ ከደጅ፣ ሁለቱም ወፍራም። ሴቶች ተሰብስበዋል፣ ገንፎ እየተገነፋ ነው። ሎሚ ተገላግላለች። ነገሳ ተንበርክኮ መሬቱን ሳመ፤ ሠረቀብርሃንም ሳያስበው አብሮ ተንበረከከ። ግን ጭስ ሁሉን አይናገርም። ወንድ ነው ሴት?

ይህ ለነገሳ ትልቅ ጥያቄ ነበር። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የሚነሡት። በአርባ ቀን ምን ያህል ፍልጥ ይፈለጣል? ሰማንያ ከሆነ ግን መስከረም ያልቃል፣ ወንዙ ይጎድላል፣ ዕዳው ይጋመሳል፣ አንድ ዋስ የሚሆን ሰውም አይጠፋ ይሆናል። ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው ወንድ ስጠኝ ብሎ ስለት በሚሳልበት አገር ነገሳ ሴት አድርግልኝ ብሎ ይጸልይ ጀመር።

ሠረቀብርሃን ጤንነቱን ተጠራጠረ። ሴት ምን ልታደርግልህ ነው ብሎ ጠየቀው።

«ትጠብቀኛለች» አለው ነገሳ።

በአራተኛው ቀን ሙሉነሽ የምትባል ጎረቤታቸው ቅቤ ልትሸጥ ወደ እንጦጦ ወጣች። ክረምት ቢሆንም ጠዋት ውኃው ሲቀንስ በመልካው ይሻገሩ ነበር። ነገሳን ከሩቅ ስታየው እልልታዋን አስቀደመች። ወንድ ነው፣ እንደ ጥጃ ይጠባል፣ መልኩም ቁርጥ አንተን ነው አለችው። ነገሳ ሰው እንደሞተበት ቁጭ አለ። እሱ ቁጭ ሲል ሠረቀብርሃንም ሳይወድ ቁጭ አለ።

«ምነው?» አለች ሙሉነሽ ግራ ተጋብታ፤ «ወንድ ነው እኮ ያልኩህ።»

የሎሚንም መልእክት ነገረችው። የክርስትና አባት ሂርጳ ሊሆን ተስማምቷል፤ ባፈረበት ይክሳል ተብሎ ነው። አርባው ቀን አንተን አይጠብቅም፣ እኔ ግን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ዓይኔን ከመልካው አላነሣም ብላለች።

ከዚያ ወዲያ ነገሳ ወሬ አቆመ። እህሉንም ለሠረቀብርሃን መግፋት ጀመረ። ሠረቀብርሃን መጀመሪያ በደስታ በላለት፣ ከዚያ እየከበደው መጣ። ሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ላይ ዓምደ ሚካኤል ወደ ሮጌ ገበያ ወረደ። ነገ ማታ ነው የሚመለሰው።

«ሠረቀ፣ ነገ አሻግረኝ» አለው ነገሳ።

«ብታመልጥ እኔ ነኝ የምታሰረው።»

«አውቃለሁ።»

«ማልልኝ።»

«በማን ልማልልህ? በሞቱት በሁለቱ ልማል?»

ሠረቀብርሃን መሐላውን ተወው።

ጎህ ሲቀድ መልካው ላይ ደረሱ። ወንዙ ደረት ይደርሳል፣ ቀለሙ የኑግ ጭማቂ ይመስላል። ሠረቀብርሃን ዋና አያውቅም። ብሰጥም አብረኸኝ ነው የምትሰጥመው እያለ፣ በሌላው እጁ ኩታውን ራሱ ላይ ጠምጥሞ ገባ። መካከል ላይ እግሩን ድንጋይ ከዳው፤ ውኃው ከነጩኸቱ ዋጠው። ነገሳ ሰንሰለቱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ግንድ ጎተተው። ማዶ ወጥተው ሣሩ ላይ ሲዘረጉ፣ ሠረቀብርሃን ያችን ብረት ሲሰድባት ከርሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገናት።

የሣር ክዳኗ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሎሚ ልጁን ታቅፋ ቆማለች። ቄሱ ውኃውን ባርከው ጨርሰዋል። ሂርጳ ነጭ ለብሶ፣ ጢሙን ቅቤ ቀብቶ፣ ከሁሉ ፊት ተገትሯል። እንግዲህ አስቡት፤ በዚህ መካከል ሁለት በሰንሰለት የተያያዙ ሰዎች ውኃ እያንጠባጠቡ ከቁጥቋጦው ብቅ አሉ። ሂርጳ ነገሳ ለልጁ የመጣ አልመሰለውም። ያች «እኔ አለሁ» ያላት ቃል ዳኛ ፊት ተመስክራበት፣ እሱን ሊያስሩ የመጡ ነው የመሰለው። ባቄላውን እየረገጠ ቁልቁል ሸመጠጠ። ኩታው አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

ሴቶቹ ሳቁ፣ ሳቁና ወደ ልጁ ዞሩ። ልጁን ማን ያነሣዋል? ቄሱ ወንዶቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። ክፋት አይደለም። በዚያ ዘመን ሰው ለአበልጁ ዋስ አልሆንም ማለት አይችልም፤ የባለዕዳን ልጅ ክርስትና ያነሣ፣ ዕዳውንም አብሮ አነሣ ማለት ነው። ነገሳ ይህን ስለሚያውቅ ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ልጁን ብቻ ነበር የሚያየው።

«እኔ አነሣዋለሁ» አለ ሠረቀብርሃን።

ቄሱ ሰንሰለቱን አዩና፣ የምታደርገውን ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁት። አውቃለሁ አለ። እህል ቀምሰህ እንደሆነስ ቢሉት፣ ከትናንት ጀምሮ የቀመስኩት የቀበናን ውኃ ብቻ ነው፣ እሱም በፈቃዴ አይደለም አላቸው።

ልጁ ከውኃው ሲወጣ ሠረቀብርሃን ሁለት እጁን ዘረጋ። ግራ እጁ ሲዘረጋ የነገሳ ቀኝ እጅ አብሮ ተዘረጋ። ወጉ የክርስትና አባት ብቻ እንዲቀበል ነበር፤ ብረቱ ግን ወግ አያውቅም። ልጁ በሦስት እጅ ላይ አረፈ። ነገሳ ግራውንም አመጣና አራት አደረገው። ቀለበቱ ጀርባውን ሲነካው ልጁ በብርዱ ጮኸ። ነገሳ ያን ጩኸት ልቅሶ ሆኖ አልሰማውም፤ የቀደሙት የሁለቱ ድምፅ እንዴት ነበር እያለ ስንት ዓመት ሲያስብ ኖሯል። ስሙን ኢቲቻ አሉት።

ሎሚ የባሏን ርጥብ ትከሻ በነጠላዋ አደረቀች። ወደ ሠረቀብርሃንም ዞራ «አበልጅ፣ ከእንግዲህ ቤቱ ቤትዎ ነው» አለችው። ሠረቀብርሃን ከተወለደ ማንም አንቱ ብሎት አያውቅም፤ እስከ ጆሮው ቀላ። በለጡ የምትባል ጎረቤት ደግሞ ምሳር ይዛ መጣች፤ ሰንሰለቱን በድንጋይ ላይ አድርጉልኝ፣ አንድ ምት ነው ብላ። ነገሳ እጁን ሰበሰበ። አበልጄን ላሳስር ወይ ብሎ ተቆጣት። የክርስትናውን ድግስ ሳይቀምሱ፣ ወንዙ ሳይሞላ ተመለሱ።

ዓምደ ሚካኤል ቀድሞ ደርሶ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጎረቤቶቹም አብረውት። ወሬው ከእነሱ ፈጥኖ ዳገቱን ወጥቷል። የት ነበራችሁ አላለም። ሠረቀብርሃን ወደ ፊት ቀረበ።

«ጌታዬ፣ አበልጄን በብረት አልጎትትም። ዋሱ እኔ ነኝ።»

ዓምደ ሚካኤል ሳቀ። «አንተ ደግሞ ምን አለህና?»

«የሦስት ዓመት ደመወዜ። እርስዎ ዘንድ ነው ያለው።»

ሳቁ እዚያው ደረቀ። ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሎሌውን ሦስት ዓመት ሳይከፍል እንዳኖረው አያውቁም ነበር። ዓምደ ሚካኤል ሎሌዬ ስለ ደመወዙ ቢከስሰኝስ ብሎም ሳያስብ አልቀረም። ብረቱን እንዲፈታ ቀጥቃጩን ጥሩ አለ። ውሉ እንዲህ ሆነ፦ ነገሳ ከሰኞ ጠዋት እስከ ቅዳሜ ቀትር ይፈልጣል፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቤቱ ይገባል። አንድ ሰኞ ከቀረ የሠረቀብርሃን ደመወዝ ቀለጠ፣ ቡልጋም ቀረ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ነገሳ ብቻውን ቁልቁለቱን ወረደ። ሠረቀብርሃን ምሳሩን ይዞ ከአፋፉ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ማንም ሳያዘው፣ ለአበልጁ ዕዳ ይፈልጥ ነበር። ነገሳ ወንዙን ተሻገረ፣ ዳገቷን ወጣ፣ ስንት ጠዋት ከሩቅ ሲያያት የከረመችው ጎጆ ደጃፍ ደረሰ። ልጁ ውስጥ ሲያጉረመርም ይሰማል። ነገሳ ግን በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። በጠባብ በር ሁለት ሰው ባንዴ አይገባም፤ ሁለት ወር ሙሉ ወደ ጎን ዞሮ ሠረቀብርሃንን ሲያሳልፍ ነው የከረመው። አሁንም ዞሮ፣ ቀኝ እጁን ፈታ አድርጎ፣ ቦታ ለቆ ቆመ።

«ግባ እንጂ» አለችው ሎሚ ከውስጥ። «ማንን ነው የምትጠብቀው?»