ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው ቂጣ

ሥራዬ ምግብ ቤት መዝጋት ነው። ማስከፈትም አለበት፤ ሰው የሚያስታውሰው ግን መዝጋቱን ብቻ ነው። ጋዋኔን ለብሼ፣ ፎርሜን ይዤ፣ ከአምቦ እየተነሳሁ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሰው ጓዳ አያለሁ። የውሃ በርሜሉ ክዳን አለው ወይ፣ ሥጋው የተሰቀለበት ዝንብ ይደርሳል ወይ፣ ምግብ የምትሠራዋ የጤና ምርመራ ካርድ አላት ወይ እላለሁ። ጋዋኑን ከሩቅ ሲያዩ ምንም ያላጠፉት ደንበኞች እንኳ ቀና ብለው ይቀመጣሉ።

አንድ ሕግ አለኝ፤ የምቆጣጠረው ቤት አልበላም። ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ እንጂ መሥሪያ ቤቱ አይደለም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ምግብ ቤት ስገባ ባለቤቱ «ሳትቀምስማ አትሄድም» ብሎ ጥብስ አቀረበልኝ። ጥሩ ጥብስ ነበር። በልቼ ጓዳ ስገባ ጥሬ ሥጋና የተረፈ ወጥ በአንድ ሳህን ተቀምጠው አየሁ። መጻፍ ነበረብኝ፤ እጄ እምቢ አለ። «ይኼ ነገር ይስተካከል» ብዬ በቃል ተናግሬ ወጣሁ። አፍ ሲበላ ዓይን ያፍራል የሚባለው ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን አፈርኩ፤ ከዚያ ወዲህ በምቆጣጠራቸው ቤቶች ውሃ እንኳ አልጠጣም።

የሕጉ ችግር በየከተማው ያለው ምግብ ቤት ሁሉ የእኔ ዝርዝር ውስጥ መኖሩ ነው። ባለቤቴ አስተማሪ ናት። «ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ የሚራብ ካንተ ሌላ አላየሁም» እያለች ቆሎ በላስቲክ ትቋጥርልኛለች። ቆሎ እስከ ስድስት ሰዓት ያደርሳል። ከዚያ በኋላ ሆዴ ዝርዝሩ ላይ የሌለ ቦታ መፈለግ ይጀምራል።

በዚህ ምክንያት ጥሩ ምግብ ማንም በማይጠረጥረው ቦታ እንደሚገኝ ተማርኩ። ጌዶ አንድ ጎሚስታ አለ፤ በአሮጌ ቸርኬ ከሰል አንድዶ ድንች ከነልጣጩ ይጠብሳል። የመኪናችን ጎማ እስኪለጠፍ ስንጠብቅ አንዱን ሰንጥቆ ቅቤና የተከተፈ ቃሪያ ከተተበትና ዘረጋልኝ። እጁ በጎማ ጠቁሯል፤ ድንቹን የያዘበት ጨርቅ ግን ንጹሕ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ሳላይ ማለፍ አልችልም። እንጭኒ ደግሞ የአንድ ቢሮ መዝገብ ቤት ሠራተኛ እርጎውን ከፋይሎች ጀርባ ያስቀምጣል፤ ክፍሉ ፀሐይ አያገኘውም፣ ግድግዳውም ድንጋይ ነው። የፈለግኩት ፋይል ጠፋበትና አፍሮ በብርጭቆ ቀዳልኝ። እንዲያ ያለ እርጎ ከዚያ በፊትም በኋላም አልጠጣሁም። ፋይሉ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም።

ልጽፍ የተነሳሁት ግን ስለ እጃጂ ነው።

አንድ ረቡዕ እጃጂ ላይ መንገድ ተዘጋና ቆምን። በእነዚያ ዓመታት መንገድ ይዘጋ ነበር፤ ለምን፣ እስከ መቼ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሰው ከመኪና ይወርድና ጥላ ይፈልጋል። ሥራዬን ስለጨረስኩ ጋዋኔን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ቆሎዬ አልቋል። ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ሽታ መጣ። የተጠበሰ እህል ሽታ ነው፤ ግን የትኛው እህል እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ተከትዬው ሄድኩ።

ከጀርባው ግድግዳ ሥር አንዲት ጠና ያሉ ሴት የበቆሎ ቆረቆንዳ አንድደው፣ ከአሮጌ ወፍጮ በተነቀለ ብረት ላይ ቂጣ ይጋግራሉ። እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሰዎች በጆንያዎቻቸው ላይ ተቀምጠው ይበላሉ።

«ኮቱ፣ ኦቦሌሳ፣ ና ወንድሜ፣ ቁጭ በል» አሉኝ። «ጾመኛ ነህ ወይስ ቅቤ ላድርግልህ?»

«ጴንጤ ነኝ» አልኳቸው።

«እንግዲያ ቅቤ ነው። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ያንተን ስቀባ እጄን እንዳልልስ ጸልይልኝ።»

ቂጣው ጠርዙ ይንኮሻኮሻል፣ መሐሉ ይለሰልሳል። መጀመሪያ የበቆሎው ጣፋጭነት ይመጣል፣ ከዚያ ገብሱ፤ መጨረሻ ላይ የሽንብራው ሽታ አፍ ውስጥ ይቆያል። ሁለተኛ ጠየቅኩ። ሦስተኛም ጠየቅኩ። ደስ አለኝ፤ ብዙ ጊዜ ደስ የሚለኝ ሰው አይደለሁም።

ዱቄቱ ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኳቸው፤ የሙያ አመል ነው። ወፍጮ ቤት አንዱ ጤፍ አስፈጭቶ ሲወርድ ሌላው በቆሎውን ይዞ ይቀጥላል። ከድንጋዩ መጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት የሁለቱም ነው። የመጀመሪያው ሰው ሄዷል፤ ሁለተኛው ደግሞ ዱቄቴ እንዳይደባለቅ ይላል። ስለዚህ ያንን ጭብጥ ዱቄት ማንም አይፈልገውም። እሳቸው በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ ቆርቆሮ ከሥሩ ይደቅናሉ። እስከ ቀትር ድረስ ቆርቆሮው ውስጥ የእጃጂ ገበሬ ያመረተው ሁሉ ይኖራል። የዛሬው ቂጣ የትናንቱን አይመስልም።

እትዬ እላቸው ጀመር። ወፍጮው የባላቸው ነበር። ባላቸው ሲሞቱ ወደ ባላቸው ወንድም ዞረ፤ ወንድምየው ደግሞ ለእትዬ ያቺን የጀርባ ግድግዳ ተወላቸው። የሚኖሩት በቂጣው ነው፤ ሌላ ምንም የላቸውም። ይህንን የነገሩኝ ሳያማርሩ ነው፤ አንዱን ቂጣ እየገለበጡ።

አራት ዓመት ያህል እጃጂ በሄድኩ ቁጥር እዚያ በላሁ። ጋዋኑን ሁልጊዜ አስቀድሜ አጥፌ እከታለሁ። «አስተማሪ ነህ አይደል?» ሲሉኝ «መሥሪያ ቤት ነኝ» አልኩ፤ በዚያው ቀረ። በርሜላቸው ክዳን የለውም። እጅ መታጠቢያ የለም። ከወፍጮው የሚነሳው ብናኝ ሊጡ ላይ ያርፋል። ሁሉንም አይቻለሁ። ዝርዝሩ ውስጥ የሉም እያልኩ በላሁ።

ያ አፍና አፍንጫችንን ያሸፈነን በሽታ መጥቶ ጋብ ካለ በኋላ፣ ለሰው ምግብ የሚያቀርብ ሁሉ፣ በር ያለውም የሌለውም፣ ይመዝገብ የሚል ትእዛዝ ወረደ። መስፈርቱን ያላሟላ ይታሸጋል። እጃጂን የምመዘግበው እኔ ነበርኩ። አብራኝ የመጣችው አዲስ የተቀጠረች ባልደረባዬ ናት፤ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ዓይኗ ምንም አያልፍም። ከተማውን ጨርሰን ወደ መኪናው ስንመለስ ቆመች።

«ጋሼ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ጭስ አለ። እዚያስ ምንድን ነው?»

የወፍጮው ነው ብላት አልፈን እንሄድ ነበር። እትዬም ቂጣቸውን ይጋግራሉ፣ እኔም እበላለሁ። አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ያ የመጀመሪያ ዓመት ጥብስ ትዝ አለኝ።

«ምግብ ነው» አልኩ። «ይመዝገብ።»

እትዬ ሲያዩኝ ሊጥ አነሱ። ከዚያ ጋዋኑን አዩ፣ ፎርሙን አዩ። ሊጡን መልሰው አስቀመጡት። ስለ በርሜሉ፣ ስለ እጅ መታጠቢያው፣ ስለ ካርዱ ጠየቅኳቸው። መልሱን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ እሳቸውም እንደማውቀው ያውቃሉ። ጥያቄው ሲያልቅ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«አራት ዓመት ሲበሉ ይህ ሁሉ አልታየዎትም?» አሉኝ። ከዚያ ቀን በፊት እርስዎ ብለውኝ አያውቁም።

«ታይቶኛል፣ እትዬ» አልኩ።

ባልደረባዬ ቀና ብላ አየችኝ። ፎርሙ ላይ የመጨረሻው መስመር ውሳኔ ነው፤ ብቁ፣ በማስጠንቀቂያ፣ ወይም ይታሸግ። ብዕሩን ለእሷ ሰጠኋት። «አንቺ ወስኚ፤ እኔ እዚህ ቤት በልቻለሁ» አልኳት። ሰላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ብላ ጻፈች። እኔ ብሆን ምን እንደምጽፍ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዚያ ወር ደህና አልተኛሁም። እትዬ ቢታሸግባቸው የሚሄዱበት የለም፤ ምክንያቱ ደግሞ እኔ የከፈትኩት አፍ ነው። ባለቤቴ «ሂድና እርዳቸዋ» አለችኝ። ያንንም ማድረግ አልችልም፤ የምቆጣጠረውን ቤት በርሜል ገዝቼ አልሰጥም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላኝ ፊቷን አዞረች።

በሰላሳኛው ቀን ስንመለስ በወፍጮውና በምድጃው መካከል የጭቃ ግድግዳ ቆሟል፤ ገና አልደረቀም። የባላቸው ወንድም እያጉረመረመ ያቆመው ነው። በርሜሉ ክዳንና ቧንቧ አለው። ዱቄት የሚቀበሉበት ቆርቆሮ ተሸፍኗል። እትዬ ነጭ ሻሽ አስረው፣ ካርዳቸውን ከጉያቸው አውጥተው አሳዩን። ባልደረባዬ መስፈርቱን አንድ በአንድ አነበበች፤ አንድም አልጎደለም። ብቁ ብላ ፈረመች። ወረቀቱን ምስማር ላይ ስትሰቅለው ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጭሱ ነው ብዬ ዞር አልኩ።

እትዬ ቅቤ የተቀባ ቂጣ ይዘው መጡ። «ኮቱ» አሉኝ፤ ንዴቱ ወጥቶላቸዋል።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቤቱ አሁን ዝርዝሩ ውስጥ ነው።

«ጾም ነኝ» አልኳቸው።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። እኔ ጴንጤ መሆኔን ከመጀመሪያው ረቡዕ ጀምሮ ያውቃሉ፤ ስንት የጾም ቀን ቅቤ ቀብተው አብልተውኛል። ትክ ብለው አዩኝ፣ ፎርሙን አዩ። ነገሩ የገባቸው መሰለኝ።

«ጾምህ መቼ ነው የሚፈታው?» አሉ።

«ጡረታ ስወጣ።»

«ስንት ዓመት ቀረህ?»

«ሰባት።»

ቂጣውን በክዳን ከደኑት፤ ፎርሙ እንደሚያዘው። «ኤዬ፣ እንግዲህ አቆይልሃለሁ» ብለው ወደ እሳቱ ተመለሱ።

ባልደረባዬ ብዙም ሳትቆይ ወደ ሌላ ዞን ተዛወረች፤ እጃጂ ለእኔ ብቻ ቀረ። በየሦስት ወሩ እሄዳለሁ። እትዬ ጋ ጥፋት አላገኝም። ሰዎች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ሲበሉ አጠገባቸው ቆሜ እጽፋለሁ። ሁልጊዜ አንድ ቂጣ ተከድኖ ዳር ላይ አያለሁ፤ ስወጣ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ባለፈው ስሄድ ሊጡን የምትለውሰው የባላቸው ወንድም ምራት ነበረች። እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ክዳኑን ግን ራሳቸው ናቸው የከደኑት።

ከዚያ ስመለስ እጃጂ ለሌላ ባለሙያ ይሰጥልኝ ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ብዙ አሰብኩና «ስለራበኝ» ብዬ ሞላሁት። ኃላፊዬ አንብቦ ከልቡ ሳቀ። በሥራ ላይ ቀልድ የማታውቅ ሰው ዛሬ ምን ነካህ ብሎ ወደ መሳቢያው ከተተው።

ሦስት ዓመት ቀርቶኛል። እትዬ በሚቀጥለው ዓመት ሰባ ይሞላቸዋል።