የሀሚድ ቤዝ

ካራ ሰፈር ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ ጆሮዬ የኔ አይደለም። ነጋዴው ሁሉ ሜጋፎን አንጠልጥሎ ያደነቁረኛል፤ እግዜር ይይላቸው! ካልሲ ሻጩ ሀሚድ ግን በገዛ ጉሮሮው ነበር የሚሠራው። ወፍራም ድምፁ የሱቄን መስታወት ያንቀጠቅጣል እያለ ይኮራል፤ እኔ እንኳ ሲንቀጠቀጥ አይቼው አላውቅም።

ባለፈው ክረምት ጉሮሮው ቆሰለ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ከጮህክ ድምፅህን ጨርሰህ ታጣዋለህ» አለው። ምን ይዋጠው? ካልጮኸ ካልሲው አይሸጥም፤ ካልሸጠ ደግሞ ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ።

እሱም እንደ ሌሎቹ ሜጋፎን ገዛና ከሱቄ ጀርባ ድምፅ እየቀዳች ኤዲት የምታደርገው ዘቢደር ዘንድ ሄደ። ቀስ ብሎ «ካልሲ! ጠንካራ ካልሲ!» አለላት። ቀድታ በትልቁ ስፒከር ስታሰማው ጥርስ በጥርስ ሆነ።

«አንጀቴን አራስሽው! የወንድ ድምፅ እንዲህ ነው!»

መንገድ ላይ በሜጋፎኑ ሲያጫውተው ግን ወይ ጉድ! ድፍን ያለ ጉርምርምታ ብቻ። ዞር ብሎ ያየው ሰው የለም። እየበረረ ተመለሰ።

«ድምፄን ምን አደረግሽው?»

«ምንም! ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዝ የሚሉት፣ ሰፊ ስፒከር ይፈልጋል፤ ያንተ ሜጋፎን ትንሽ ስለሆነች አታወጣውም። ቃሉን ጥርት የሚያደርገው ደግሞ መሃለኛውና ቀጭኑ ነው» አለችና ኮምፒዩተሯ ላይ ታችኛውን ፍሪኩዌንሲ፣ ቤዙን፣ ቆርጣ መሃሉን ከፍ አደረገችና ሜጋፎኑ ላይ ጫነችው።

ሀሚድ ሲሰማው ፊቱ ጠቆረ። «ይሄማ ፍየል ነው! ሚስቴ ብትሰማኝ ምን ትላለች?»

አብሬያቸው ቆሜ እሰማ ነበርና አላስቻለኝም። «አንተ ሰውዬ፣ ልጆችህን ቤዝ ልታበላቸው ነው?» አልኩና ሜጋፎኑን ነጥቄ መንገድ ላይ ከፈትኩት፤ ሁለቱም ተከትለውኝ ወጡ። «ካልሲ! ጠንካራ ካልሲ!» ታክሲ ተራው ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ። ሰዉ ከሰልፉ እየወጣ መጣ። ሀሚድ ካልሲ ያቀብላል፤ አንገቱን ግን እንደ ሌባ ደፍቷል።

በዚህ መሃል ሚስቱ ዳርቱ ምሳ ይዛለት ብቅ አለች። ሀሚድ ደንግጦ ሜጋፎኑን በእጁ ሊያፍነው ሞከረ።

«ተወው እንጂ!» አለችው። «የት እንደቆምክ ጠፍቶኝ ስፈልግህ ነበር። ድምፅህን ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

«በዚህ ድምፅ አወቅሽኝ?»

«ታዲያ በምን ልወቅህ? ከደጅ ሆነህ ‹ዳርቱ!› እያልክ ስትጠራኝ ድምፅህ እኮ ይኸው ነው!» ሳቋ አልቆም አላት። «ይሄን ሁሉ ዓመት ወፍራም መስሎህ ነው እንዴ?»

ሀሚድ እኔን አየኝ፣ ዘቢደርን አያት። ከዚያ እጁን ከሜጋፎኑ ላይ አንስቶ ምሳውን ተቀበላት።