የአብራሪው ስህተት

ጊል ሚ-ራን ኮሪያዊት ትሁን እንጂ የተወለደችው ላስ ፓልማስ ነው። አባቷ የሩቅ ባሕር ዓሣ አጥማጅ መርከብ ካፒቴን ስለነበሩ፣ በዚያች የስፔን ደሴት ወደብ ከከተሙት ያገሯ ሰዎች ጋር አደገች። ስፓኒሽን የተማረችው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከዓሣ ሻጭ ሴቶች ጋር እየተከራከረች፣ የወደብ ጎረምሶች ሲሰዳደቡ እየሰማች ነው። ይህ ቋንቋ አንድ ቀን የጦር አውሮፕላን መሸጫ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? በኮሪያ ደቡብ ጠረፍ ባለችው በዎልጆ ግን ሆነ።

የዎልጆ ሰው እንጀራ ሁለት ነው፤ ወይ ዓሣ ያደርቃል፣ ወይ አውሮፕላን ይሠራል። ፋብሪካው የሚሠራትን ጄት ሠራተኞቹ «ትንሿ» ይሏታል። አንድ ሞተር ያላት፣ መጀመሪያ ለተማሪ ማሠልጠኛ ታስባ በኋላ ሚሳይል የተንጠለጠለባት ቀላል ተዋጊ ናት። ኃያላኑ ዞር ብለው አያዩዋትም። አየር ኃይላቸው ከአንድ ሜዳ የማያልፍ፣ በአያቶቻቸው ዘመን የተገዛው አውሮፕላን መለዋወጫ ጠፍቶለት ሣር የበቀለበት አገሮች ግን ይመጣሉ። ይመጣሉ፣ ይዳስሷታል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ ተመልሰው ይመጣሉ።

የሚ-ራን ባል ፒዮ ጁን-ሞ ለእነዚህ እንግዶች ትንሿን እያበረረ የሚያሳይ አብራሪ ነበር። ሳቂታ ሰው ነበር፤ ምግብ ሲበላ ያንጎራጉራል፣ ሚስቱን በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ «ካፒቴን» ነበር የሚላት። አንድ የፀደይ ጠዋት ለትርዒት ሲለማመድ፣ ባሕሩ ሸሽቶ በተገለጠው ጭቃ ላይ ተከሰከሰ። አጣሪዎቹ የጻፉት አጭር ነበር፤ አውሮፕላኗ እንከን የለባትም፣ አብራሪው በአየር ላይ መገልበጡን የጀመረው ከሚገባው ዝቅ ብሎ ነው። ሚ-ራን ሪፖርቱን ውሸት ፍለጋ ደጋግማ አነበበችው። አላገኘችም። ብታገኝ ይሻላት ነበር፤ የምትጠላው ሰው ይኖራት ነበር።

አላለቀሰችም። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፤ እሷ ጎንበስ ብላ ተቀበለች፣ ጎንበስ ብላ ሸኘች። ብርድ ላይ ብዙ የቆየ እጅ እንዴት እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል፤ ቢቆነጥጡት የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። ሚ-ራን ሁለመናዋ እንደዚያ ሆነ። ፋብሪካው የአስተርጓሚነት ሥራ ሲሰጣት በዝናብ ጃንጥላ እንደሚዘረጉለት ሰው ዝም ብላ ተቀበለች። በሐዘኔታ ነበር የቀጠሯት፤ የደቡብ አሜሪካ እንግዶች ሲበዙ ግን ያለሷ የማይሆን ሆነ።

የምትኖረው ከአማቷ ከወይዘሮ ቦክ-ሬ ጋር ነው። አሮጊቷ ገበያ ውስጥ የደረቀ ዓሣ ይሸጣሉ፤ አፋቸው የሰላ ነው።

«ዛሬስ ለየትኛው አገር ሸጣችሁልኝ?» ይላሉ ማታ ማታ።

«ገና ነው እማማ፣ እያዩ ነው።»

«እኔ ዘንድ አይቶ ያልገዛ ዓሣዬን እንኳ አይነካም!» ይሉና ትክ ብለው ያዩዋታል። «ዓሣ ደርቆም ይሸታል፤ አንቺ ግን ደርቀሽ ሽታም የለሽ።»

ሚ-ራን «ይብሉ፣ ይቀዘቅዛል» ትላለች። በዚሁ ያልቃል።

እንዲህ ስትኖር፣ በአንድ መኸር፣ ከደቡብ አሜሪካ አንዲት ትንሽ አገር ልዑካን መጡ። መሪያቸው ባሪየንቶስ የሚባሉ ደልደል ያሉ፣ ጢማቸው የሸበተ ኮሎኔል ነበሩ። የሽያጭ ዳይሬክተሩ ኖ እንደ ልማዳቸው አዳራሹ ፊት ቆመው ጀመሩ። ኮንትሮባንድ የጫነች ደቃቃ አውሮፕላን ለማሳደድ ውዱ ጄት ምን ያደርጋል? ዝንብ በመድፍ ይመታል እንዴ? ትንሿ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ ለአጭር ሜዳ ትሆናለች፣ ተማሪውም ተዋጊውም በአንዷ ይሠራል። ሚ-ራን ቃል በቃል ሳትሆን፣ እንግዶቹ እንዲስቁ አድርጋ ተረጎመችው። እነሱ ሳቁ፤ እሷ ውሃ ጠጣች።

ከዚያ ኮሎኔሉ እጃቸውን አነሱ። «አንዷ ወድቃለች ሲባል ሰምቻለሁ። ምን ሆና ነው?»

ሚ-ራን ይህንን ወደ ኮሪያኛ መለሰችው። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት የፋብሪካው ሰዎች ሁሉ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን አዩ። ዳይሬክተር ኖ ፊታቸው ቀላ፤ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወይዘሮ ጊል፣ ይቺን እንኳ በእንግሊዝኛ ሌላ ሰው ያድርጋት። እርስዎ ወጣ ብለው አየር ይቀበሉ።»

«እንግሊዝኛቸው ደካማ ነው፤ የደበቅን ይመስላቸዋል። ይናገሩ፣ እተረጉማለሁ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ይናገሩ።»

ዳይሬክተሩ ወደ ኮሎኔሉ ዞሩ። «የአብራሪው ስህተት ነበር።»

«የአብራሪው ስህተት ነበር» አለች ሚ-ራን በስፓኒሽ።

«ጀማሪ ነበር?» ኮሎኔሉ ጠየቁ።

«የለም፣ በጣም የበሰለ ነበር። ግን... የለመደ ሰው ይደፍራል። በዚያን ቀን ደፈረ።»

ይህንንም ተረጎመችው። ድምፅዋ ስለ ነዳጅ ቁጠባ ስታወራ ከነበረው ድምፅ አልተለየም። ውስጧን ጠበቀችው፤ አሁን የሆነ ነገር ይመጣል ብላ። የመጣ ነገር አልነበረም። የራሷ ዝምታ ብቻ ትንሽ አስፈራት።

ምሳ ላይ ጥሬ ዓሣ ከትኩስ መረቅ ጋር ቀረበ። ኮሎኔሉ ኪምቺ የሚባለውን በበርበሬ የተብላላ ጎመን ጎርሰው ሳል ሲይዛቸው የራሳቸው መኮንኖች ሳቁባቸው። እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ሚ-ራን ዞሩ።

«ሴኞራ፣ ስፓኒሽዎ የመርከበኛ ነው። ከየት ያመጡት?»

«ከላስ ፓልማስ። የዓሣ ወደብ ልጅ ነኝ።»

«ታዲያ ባልዎም ባሕረኛ ነው?»

«አብራሪ ነበር» አለች ሚ-ራን። «ጠዋት ስለ እሱ ነበር የጠየቁኝ።»

የኮሎኔሉ ማንኪያ መሃል ላይ ቀረ። ቀስ ብለው አስቀመጡት። ዳይሬክተር ኖ ከማዶ «ምን ተባለ? ምን አሉ?» እያሉ በዓይናቸው ጠየቋት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ኮሎኔሉ በመጨረሻ። «እዚያ ቆመው ያንን... ሴኞራ፣ እንደ አስተርጓሚ ሳይሆን እንደ ራስዎ ይንገሩኝ። አውሮፕላኗ ላይ የማስቀምጣቸው የሰው ልጆች ናቸው። ሰውየው የተናገረው እውነት ነው?»

ሽያጩ ሁሉ በእጇ ነበር። አንድ ቃል፣ እንዲያውም አንድ ትንፋሽ ይበቃት ነበር። አጠገቧ ያለው ሰው ሁሉ የሚበላው ከትንሿ ነው፤ ያናገራት ግን እሱ አልነበረም።

«እውነት ነው» አለች። «ሐሰት እንዲሆን ብዙ ለፍቻለሁ፤ እምቢ አለኝ። ጁን-ሞ ይወዳት ነበር፤ እንደ ትንሽ ጀልባ ናት፣ ያዘዝካትን ታደርጋለች ይል ነበር። በዚያን ቀንም ያዘዛትን አደረገች።»

ኮሎኔሉ ሲሰናበቱ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ።

ልዑካኑ ሄዱ፤ ወሬው ጠፋ። እዚያ አገር መንግሥት ተቀየረ ተባለ፤ ቀጥሎ ሌላ ሻጭ አሮጌ ጄት በርካሽ አቀረበላቸው ተባለ። ፋብሪካው ተስፋ ቆርጦ ሌላ ደጅ ማንኳኳት በጀመረ ጊዜ ውሉ ተፈረመ። የተገዙት አውሮፕላኖች ብዙ አልነበሩም፤ አንድ ትንሽ መጠለያ የሚሞሉ ያህል። ዳይሬክተር ኖ ሚ-ራንን ጠርተው «የእርስዎ ሥራ ነው» አሏት። ደስ ይላት እንደሆነ ራሷን ፈተሸች፤ እንደ ባዶ ኪስ ሆነባት።

በበጋው ወጣት አብራሪዎች ሊሠለጥኑ መጡ። ተረበኞች ነበሩ፤ ሚ-ራንን «እናታችን» እያሉ አብረዋት ገበያ ይወጣሉ፣ ከወይዘሮ ቦክ-ሬ ጋር በእጅ ምልክት ዋጋ ይከራከራሉ። አሮጊቷም «እነዚህማ ይገዛሉ!» እያሉ ይመርቋቸው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትምህርቱ ዝቅ ብሎ ስለ መብረር ሆነ። ሀ የሚባል አሰልጣኝ፣ ከጁን-ሞ በታች የሠራ ሰው፣ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ሳለ፤ ከላይ ወርዶ፣ ተገልብጦ፣ መሬት የሚነካ መስመር። ሚ-ራንን ሳያያት ተናገረ።

«አንድ አብራሪ ነበር። ከፍታውን ሳያረጋግጥ መገልበጡን ጀመረ። እዚህች ጋ ቢተወው ይተርፍ ነበር። እዚህ ከደረሰ በኋላ ግን ማንም አያድነውም።»

ሚ-ራን ተረጎመችው፤ «እዚህች ጋ» የሚለውን በጣቷ ጭምር እያሳየች። ከዚያ አሰልጣኙ ያላለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች።

ከወጣቶቹ አንዱ ቀና ብሎ ካያት በኋላ አጎንብሶ ጻፈ።

«ምን ጨመርሽ እህቴ?» አለ አሰልጣኙ በቀስታ።

«ስሙን ነው» አለች። «ስሙ ፒዮ ጁን-ሞ ነበር አልኳቸው። አብራሪው፣ አብራሪው ሲባል ከረመ።»

አሰልጣኙ ሰሌዳውን ሊያጠፋ ማጥፊያውን አነሳ፤ አላጠፋም።

ያን ምሽት ቤት ስትገባ አማቷ ሩዝ እያወጡ ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የአዳራሹን፣ የምሳውን፣ የሰሌዳውን። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በሁለቱ መካከል የጁን-ሞ ስም ተነስቶ አያውቅም ነበር።

«እነዚያ ልጆች ናቸው የሰሙት?» አሉ ወይዘሮ ቦክ-ሬ።

«እነሱ ናቸው።»

«ስሙን ይዘውት ይሄዳሉ ትያለሽ?»

«አላውቅም እማማ። አንዱ ጽፎታል።»

አሮጊቷ ጭልፋውን እንደያዙ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። አለቀሱ፤ ጮክ ብለው፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ሚ-ራን አጠገባቸው ተቀመጠችና ጀርባቸውን ዳበሰች። እሷ እንባ አልመጣላትም። የአሮጊቷ ጀርባ በቀሚሳቸው ውስጥ እንደሚሞቅ ግን መዳፏ ላይ ተሰማት፤ እጇን ሳታነሳ ብዙ ቆየች።