ጨው የበዛበት አይብ

አሶሳ የአዲሱ ክልል ዋና ከተማ በሆነች ሰሞን፣ ባሏ ለቢሮ ሥራ ተመድቦ የመጣ አንዲት ጎረቤት አገኘን። ጊዜው ክረምት ነበርና፣ አብራኝ ከወሎ በሰፈራ ከመጣችው ከዘሪቱ ጋር እሳት አንድደን በአይብ ልንቀበላት ተስማማን። እኔም እሷም ጤና አዳም ጨምረን በየራሳችን አንድ አንድ ሳህን ሞላን። በሰፈራው የታደለን የብረት ሳህን አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ እኔ የራሴን ከሥሩ በምስማር መስቀል ጭሬበታለሁ።

ሁለቱንም ሳህን ያቀረበችው ዘሪቱ ናት። እንግዳዋ ፊቷ ካለው ቀመሰችና፣ «ዘሪቱ፣ እጅሽ ይባረክ!» አለች። አብረው የተጠሩት የሰፈር ሴቶችም ሁሉ ወደዚያው ሳህን ተረባረቡ፤ ሌላው እንደ ሞላ ቀረ። ቀናሁ። ባማትብም ቅናቱ አልለቅ አለኝ። እኔም ከተወደሰው ቀመስ አድርጌ፣

«ምነው ዘሪቱ፣ ጨው አበዛሽበት? እሳቱም በዝቶበት ደርቋል» አልኩ፣ ሁሉም እየሰማ።

ዘሪቱ አንገቷን ደፍታ፣ «እውነትሽን ነው እትዬ፣ በዝቷል» አለች። እንግዳዋ ግን ሳህኑን ጥርግ አድርጋ በላችው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ዕቃ ልናጥብ ተቀመጥን። ዘሪቱ ባዶውን ሳህን ገልብጣ፣ የጫርኩትን መስቀል አሳየችኝና፣

«እትዬ፣ ለሌላ ጊዜ ጨው ቀንሺ» አለችኝ።