የማ ባቱሲ የነጻነት ሳንቲም

ማ ባቱሲ በቦትስዋናዋ የካንዬ ከተማ ፖስታ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ራ ባቱሲ ግንበኛ ነበሩ፤ በአገሩ ልማድ ሴት በ«ማ»፣ ወንድ በ«ራ» ይከበራል። በፈረንጆች 1966 ቦትስዋና ነጻ ስትወጣ ለበዓሉ የእንግዶቹን መቀመጫ ከሠሩት አንዱ ስለነበሩ፣ የፕሬዚዳንቱ መልክ ከተቀረጸባቸው የመታሰቢያ የብር ሳንቲሞች አንዱ ደረሳቸው። አምና ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የማ ባቱሲ ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ፤ የባላቸው ስም እንዳይጠፋ።

ስለዚህ ሳንቲሙን በመሐረብ ቋጥረው ወደ ሙዚየሙ ሄዱ። መዝገብ ያዥዋ ኔሎ ተቀብላ በአጉሊ መነጽር አየችው።

«ማ ባቱሲ፣ የፕሬዚዳንቱ አፍንጫ የት ሄደ?»

«አመድ በላው፣ ልጄ። ለነጻነት በዓል በየዓመቱ በአመድ እንወለውለዋለን።»

«ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ሳንቲም እኮ አይወለወልም!»

«ታዲያ ለበዓል ማን ቆሽሾ ይወጣል?»

ኔሎ ሳቋ አመለጣት። ቢሆንም እቀበለዋለሁ አለች፤ የራ ባቱሲ ስም ተጽፎ ከሳንቲሙ ጋር በመስታወት ሣጥን ይቀመጣል። ከእንግዲህ ግን የሰው እጅ አይነካውም። ማ ባቱሲ ሳንቲማቸውንና የሚፈረመውን ቅጽ ይዘው፣ ላስብበት ብለው ተመለሱ።

በበዓሉ ቀን ኔሎ መልሱን ልትሰማ እቤታቸው መጣች። የሰፈሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሳንቲሙ እጁ የገባ ሰው በ1966 የነጻነቱ ባንዲራ በተሰቀለበት ሌሊት የት እንደነበረ ይናገርና ከጎኑ ላለው ያቀብላል። ተራው የጎረቤታቸው የራ ሞፋት ነበር።

«እኔማ ባቱሲ የሠራው መቀመጫ ላይ ወጥቼ አቧራ ስቅም ነበር! ያ ነፋስ! እሱ ከታች ሆኖ ‹ውረድ፣ የትልልቅ ሰዎች ነው› ይለኛል።»

«ወረድክ?» አሉ አንዲት አሮጊት።

«ምን ያወርደኛል! ነጻ ወጥቻለሁ አልኩታ!»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ማ ባቱሲም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ የባላቸው ስም በዚያ ግቢ በሳቅ ሲነሳ የመጀመሪያው ነው። ተነሥተው ቅጹን ሳይፈርሙ ለኔሎ መለሱላት።

«ስሙን መዝገብሽ ላይ ጻፊልኝ። ሳንቲሙ ግን ገና ሥራ ላይ ነው።»

ኔሎ ልትከራከር አስባ ተወችው። ደብተሯን አውጥታ የራ ባቱሲን ሙሉ ስም ጻፈች።

«ራ ሞፋት፣ ነፋሱ የተነሣው ባንዲራው ሳይሰቀል ነው ወይስ ከተሰቀለ በኋላ?»

«ሳይሰቀል!» አሉ ራ ሞፋት።

«ከተሰቀለ በኋላ ነው፣ አንተ ውሸታም!» አሉ አሮጊቷ፤ ሳንቲሙንም ከእጃቸው መንጭቀው ወሰዱ።