የወንድሜ ሰፊ ቦት

ወንድሜ አርባ ሁለት ቁጥር ጫማ ነበር የሚያደርገው። የሥራ ቦቱ ግን አርባ አምስት ነው። ጥቁር ጎማ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። ጣልያን አገር፣ ፊውሚቺኖ ላይ፣ ወንዙ ባሕር በሚገባበት ወደብ፣ በዓሣ ጀልባ ላይ ይሠራ ነበር፤ ቦቱን የሰጡት የጀልባዋ ባለቤት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሊያጥበው ወደ ሰላም ፓላስ፣ ስደተኞች ተጠጋግተን ወደምንኖርበት ሕንፃ፣ ይዞት ይመጣል። ክፍላችን ውስጥ አድርጎት ሲንጎራደድ እግሩ ውስጡ ሲዋኝ ይሰማኛል።

"የአባባን ቦት ሰርቀህ ነው የመጣኸው?" እለዋለሁ።

"ዝም በል፣ አንተ የጃንጥላ ዘበኛ።"

እኔ በሙቀቱ ወራት ኦስቲያ ባሕር ዳር ጃንጥላ ስተክልና ስነቅል ነው የምውለው።

ያደግነው ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። እሱ ትምህርቱን ትቶ መረብ ሲጥል እኔ አሥረኛ ክፍል ደረስኩ። እሱ በያዘው የቆሮሶ ዓሣ ነው የተማርኩት። እዚያ ታንኳ ላይ ጫማ የሚያደርግ ሰው የለም። ሱሪ ይጠቀለላል፣ በባዶ እግር ይገባል። ስለዚህ ስለ ቦት የማውቀው ነገር አልነበረም። ይህን የምጽፈው ለማመካኘት አይደለም። ወይም ነው። አላውቅም።

ከገና በኋላ ብርዱ ጠነከረ። ጀልባዋ ከንጋት በፊት ትወጣለች፣ የምትመለሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚቆሙት ውሃና በረዶ ላይ ነው። የእግሩ ጣቶች አብጠው እንደ በርበሬ ቀሉ። አንድ ቅዳሜ እናታችን በቪዲዮ ስትደውል እግሩን አየችው።

"ይሄ እግር ነው? የሰው እግር ነው?" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንተስ ምን ትሠራለህ እዚያ? የወንድምህን እግር አልብሰው!"

በማግስቱ ወደ ኤስኲሊኖ ገበያ ሄድኩ። ሁለት ጥንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ገዛሁ፤ ቦት ውስጥ የሚነጠፍም ሱፍ አገኘሁ። ስሰጠው ካልሲውን በእጁ መዘነ። ቦቱን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

"ምነው? አልወደድከውም?"

"ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ወድጄዋለሁ። አምጣ።"

ሱፉን አነጠፍኩለት። ሁለቱን ካልሲ ደራርቦ እግሩን እየገፋ አስገባ። ልሞክረው ብዬ ተረከዙን በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩ። አልወለቀም። ወንድሜ በጀርባው ወለሉ ላይ እየተንሸራተተ መጣ፣ ቦቱ ግን አልወለቀም።

"አሁን ገና ጫማ ሆነ!" አልኩ።

በጣም ነው የሳቅነው።

ከዚያ ሁለት ሳምንት አልሞላም። መረብ ሲያወጡ ማዕበል ጀልባዋን አዘነበላት፣ ወንድሜ ባሕር ውስጥ ወደቀ። በአራተኛው ቀን ኦስቲያ ተገኘ። እኔ ጃንጥላ ከምተክልበት ቦታ ብዙም አይርቅም። ሆስፒታል አስፈርመው አንድ የታሰረ ጥቁር ከረጢት ሰጡኝ። ላዩ ላይ የነበረው ነው አሉ። አልከፈትኩትም፣ አልጋ ሥር አስገባሁት።

ጎረቤቶች ለቅሶ መጡ። "እግዚአብሔር ያጽናህ" ይላሉ፣ እኔም "አሜን" እላለሁ። የማስበው ግን ሌላ ነው። ወንድሜ ዋናተኛ ነበር። ሐይቁ ላይ ታንኳ ተገልብጦ ሁለት ሰው ጎትቶ ያወጣ ሰው ነው። እንዴት ሰመጠ? ከቀበርነው በኋላም ይሄ ነገር አላስተኛ አለኝ።

ስለዚህ የጀልባዋን ባለቤት ልጠይቃቸው ወደ ወደቡ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጣቶቻቸው ከእርጅና የተነሣ ጎብጠዋል። ተቀምጠው መረብ ይጠግኑ ነበር። ሲያዩኝ ተነሥተው ቆባቸውን አወለቁ።

በተሰባበረ ጣልያንኛዬ "ዋና ይችል ነበር" አልኳቸው።

"አውቃለሁ፣ ልጄ።"

"ታዲያ?"

ወደ ጀልባዋ ዞረው አዩ። ጀልባዋ ላይ ሦስት ጥንድ ቦት ተሰቅሏል። ሁሉም ትልልቅ ነው። ሳላስበው "ለምንድን ነው ሁሉም እንዲህ የሚሰፋው?" ብዬ ጠየቅኩ።

"ሰው ሲወድቅ ቦቱ ውሃ ይሞላል" አሉኝ። "ሰፊ ከሆነ እግርህን ስታራግፍ ይወልቃል፣ ትዋኛለህ። ልክህ ከሆነ ወደ ታች ይዞህ ይሄዳል። እኔም ከአባቴ ነው የተማርኩት። ለወንድምህም በመጀመሪያው ቀን ነግሬዋለሁ።"

ነግረውታል። ያውቅ ነበር።

ተደግፌ የያዝኩትን የጀልባዋን ገመድ ለቀቅኩ። ሽማግሌው ቆባቸውን በእጃቸው ያዞራሉ።

"አሎራ… እንግዲህ፣ ካልሲውን አይቼው ነበር። ማን ሰጠህ ስለው፣ ታናሽ ወንድሜ አለኝ። ደስ ብሎት ነው የነገረኝ። አውልቀው ልለው ነበር። ብርዱ ክፉ ነበር፣ እኔም ዝም አልኩ።"

"ሲገኝ ቦቱ እግሩ ላይ ነበር?"

"አላየሁም። ያወጡት ሌሎች ናቸው።"

አውቶቡሱን የት እንደቀየርኩ አላስታውስም። ሜትሮው ውስጥ ስለ ከረጢቱ ብቻ አስብ ነበር። ቦት ከሌለበት እኔ አይደለሁም። ጭንቅላቱን ተመትቶ ነው፣ ልቡ ቆሞ ነው፣ ሌላ ነገር ነው። እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ እስከ አናኚና ድረስ የጸለይኩት ይህንኑ ነው። ወንድሜን መልስልኝ አላልኩም። ቦት አይኑር ብቻ አልኩ።

ክፍላችን ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ከረጢቱን ከአልጋው ሥር ጎትቼ ፈታሁት። ጃኬት ነበር። ሱሪ። ቀበቶ። ባሕር ባሕር ይሸታል። ከታች አንድ ቦት ነበር።

አንድ ብቻ፣ የግራው። እጄን አስገባሁ። ሱፉ እንዳነጠፍኩት ነው። ሁለቱ ካልሲዎች አንዱ በአንዱ ውስጥ እንደሆኑ እዚያው ቀርተዋል፣ እንደ እርጥብ አፈር ከብደዋል። ቀኙ የለም። ቀኙን አውልቆታል ማለት ነው። ወዲያው አልሞተም ማለት ነው። አንዱን አውልቆ ወደ ሁለተኛው…

ስልኩ ጠራ። እናቴ ናት። ከሞተ ጀምሮ በየቀኑ ትደውላለች።

"በላህ?"

"በላሁ።"

"አልበላህም።" አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። እግሩ… እንደዚያን ቀን ነበር? እየበረደው ነው የሄደው?"

"አይ፣ እማዬ።"

"ካልሲ ገዛህለት?"

"ገዛሁለት። የሱፍ።"

"አደረገው?"

"አደረገው።"

አለቀሰች። መርዶው ከደረሳት ጀምሮ ስትጮኽ ነበር የምሰማት፤ አሁን ግን ቀስ ብላ ነው፣ እንደ ቀለላት ሰው።

"ተባረክ፣ የኔ ልጅ" አለች። "ለወንድምህ እንደሆንክለት ፈጣሪ ይሁንልህ።"

ቦቱ ጭኔ ላይ ነበር። ውሃው ሱሪዬን አልፎ ቆዳዬ ደርሷል።

"አሜን በል እንጂ" አለችኝ።

"አሜን" አልኩ።